ከምድር ውጪ ሕይወት ፍለጋ፦ «ምልክት ተገኘ» ሲባል ምን ተገኘ ማለት ነው?

የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ መስከረም 10 ቀን 2025 ማርስ ላይ ስለተገኘ አንድ ድንጋይ መግለጫ ሰጠ። እንዲህ ያለ መግለጫ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ማርስ ላይ ሕይወት ተገኘ» የሚል ወሬ ይሆናል። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ከእኛ 124 የብርሃን ዓመት ስለሚርቀው ኬ2-18ቢ ስለተባለ ፕላኔት ተመሳሳይ ዜና ተሰምቶ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ተመራማሪዎቹ የጻፉትና ሰው የሰማው አንድ አይደለም። ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ለመረዳት ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ፣ በተለይም የት የት ላይ እንደሚሰናከል ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚፈለገው ምን ዓይነት ሕይወት ነው?

በአብዛኛው በዓይን የማይታይ ነው። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት፤ ከዚህ ውስጥ ረጅሙን ዘመን የኖሩባት ባለ አንድ ሕዋስ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እንስሳትና ዛፎች የመጡት እጅግ ዘግይተው ነው። ስለዚህ ሌላ ዓለም ላይ ሕይወት ቢገኝ ባክቴሪያን የሚመስል፣ ምናልባትም ከጠፋ ቢሊዮን ዓመታት ያለፉት ነገር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እኛ የምናውቀው ሕይወት ሦስት ነገር ይሻል፦ ፈሳሽ ውሃ፣ የኃይል ምንጭ፣ እንዲሁም እንደ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያሉ ንጥረ ነገሮች። ሦስቱ የተሟሉበት ቦታ «ለሕይወት ምቹ» ይባላል። ምቹ መሆን ግን ሕይወት አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙ ዜና የሚዛባው እዚህ ላይ ነው። ሌላው የሚያምታታ ነገር «ካርቦን አዘል ውህድ ተገኘ» የሚለው አባባል ነው። እነዚህ ውህዶች የሕያዋን አካል የሚሠራባቸው ቁሶች ቢሆኑም ያለ ሕይወትም ይፈጠራሉ። ከጠፈር በሚወድቁ ድንጋዮች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ።

ሳይንቲስቶች የሚያድኑት «የሕይወት አሻራ» የሚሉትን ነው፤ ይኸውም ሕያው ነገር የሚተወው፣ ያለ እሱ ግን በቀላሉ የማይገኝ ምልክት ነው። ከማዶ ተራራ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ሲታይ ሁለት ጥያቄ ይነሳል። በእርግጥ ጭስ ነው ወይስ ጉም? ጭስ ከሆነስ እሳቱን ያነደደው ሰው ነው ወይስ መብረቅ? የሕይወት አሻራም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በየተራ ማለፍ አለበት። አንደኛው የታየው ምልክት እውነት አለ ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለ ሕይወት ሊፈጠር አይችልም ወይ የሚል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በብዙ እጅ ይከብዳል።

የማርሱ ድንጋይ ላይ ምን ታየ?

ፐርሰቪራንስ የተባለው ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት የካቲት 18 ቀን 2021 ያረፈው ጄዜሮ በሚባል፣ 45 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጎድጓዳ ሥፍራ ነው። ቦታው የተመረጠው ከዛሬ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወንዝ የሚገባበት ሐይቅ ስለነበረ ነው። ሐምሌ 2024 ሮቦቱ ውሃ ወደ ሐይቁ ይፈስበት በነበረው ሸለቆ ውስጥ ቼያቫ ፎልስ የሚል ስም የተሰጠው አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀላ ያለ ድንጋይ አገኘ። ድንጋዩ በውሃ ተወስዶ የረጋ ደቃቅ ጭቃ ጠጥሮ የተሠራ ነው።

ገጹ ላይ ሚሊ ሜትር የሚያህሉ፣ መሃላቸው ፈዘዝ፣ ጠርዛቸው ጠቆር ያለ ነጠብጣቦች አሉ፤ ተመራማሪዎቹ የነብር ነጠብጣብ ይሏቸዋል። በሮቦቱ ክንድ ጫፍ የተገጠመው የኤክስሬይ መሣሪያ ሲመረምራቸው የሁለት ማዕድናት ምልክት አሳየ፦ ቪቪያናይት የተባለው የብረትና የፎስፌት ውህድ፣ እንዲሁም ግሬጋይት የተባለው የብረትና የድኝ ውህድ። በሌዘር የሚሠራው ሌላው መሣሪያ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ካርቦን አዘል ውህድ እንዳለ ጠቆመ።

ሦስቱ አንድ ላይ መገኘታቸው ነው ትኩረት የሳበው። ምድር ላይ አየር በማይደርስበት የሐይቅ ወለልና ረግረግ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ስለሌላቸው ዝገትንና ሰልፌትን (የድኝና የኦክስጅን ውህድ) በምትኩ ይጠቀማሉ። ካርቦን አዘሉን ውህድ ይመገባሉ፤ ከእሱ የሚያገኙትን ኤሌክትሮን ወደ ዛገው ብረትና ወደ ሰልፌቱ ያስተላልፋሉ። ተረፈ ምርቱ ታዲያ ቪቪያናይትና ግሬጋይት ነው። የማርስ ቅላት ራሱ ዝገት ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ተሕዋስ ሲሳዩ ሞልቶ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ድንጋዩ በደህና ያልፋል፤ ነጠብጣቦቹ በእርግጥ አሉ፣ ማዕድናቱም ተለክተዋል። ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ካርቦን አዘል ውህድ ያለ ማንም እርዳታ በቀስታ ከዛገ ብረት ጋር ሊዋሃድ ይችላል። ሰልፌት ወደ ግሬጋይት እንዲለወጥ ደግሞ ሕይወት ከሌለ ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልጋል። ድንጋዩ ላይ እንዲህ ያለ ሙቀት ያለፈበት ምልክት አልታየም፤ ይህ የሕይወትን መላምት የሚያጠናክር ነጥብ ነው። ሆኖም «አልታየም» እና «አልነበረም» አንድ አይደሉም፤ ሮቦት ተሸክሟቸው በሚሄዳቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ልዩነቱን መዝጋት አይቻልም።

ምድር ላይ ያለ ቤተ ሙከራ ቢሆን ምን ይደረግ ነበር? ድንጋዩ በስሱ ተሰንጥቆ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል። ከዚያ የድኙና የካርቦኑ አይሶቶፖች ይመዘናሉ። አይሶቶፕ ማለት የአንድ ንጥረ ነገር ቀለል ወይም ከበድ ያለ ዝርያ ነው፤ ድኝ 32 እና ድኝ 34 አሉ እንበል። ባክቴሪያ ቀላሉን መርጦ ስለሚጠቀም፣ እሱ በሠራው ማዕድን ውስጥ ቀላሉ በዝቶ ይገኛል። ይህን ልዩነት ነጠብጣብ በነጠብጣብ ለመለካት ክፍል የሚሞላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሮቦቱ ከዚህ ድንጋይ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ናሙና ቆፍሮ በብረት ቱቦ ውስጥ አሽጎ ይዟል። ወደ ምድር የሚመጣበት መንገድ ግን ተንጠልጥሏል፤ በ2024 ናሳ ይፋ ባደረገው ግምት ናሙናዎቹን ማምጣት እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር ሊያስወጣና እስከ 2040 ሊቆይ ይችላል ተብሎ ዕቅዱ እንዲከለስ ተወሰነ፤ ከዚያ ወዲህም የገንዘቡ ጥያቄ አልተፈታም። ጥያቄውን ሊመልስ የሚችል ነገር ታሽጎ ተቀምጦ ሳለ የሚያመጣው መጥፋቱ በእውነት የሚያስቆጭ ነው።

ማርስ ላይ በቀጥታ ሕይወት የፈለገ የለም ወይ?

አለ። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ ቫይኪንግ መንኮራኩሮች ለዚሁ ተብሎ የተሠሩ ሦስት ሙከራዎች ነበሯቸው። በጣም ያከራከረው በጊልበርት ሌቪን የተነደፈው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አፈር ላይ የምግብ ጠብታ ይደረጋል፤ በምግቡ ውስጥ ያለው ካርቦን በጨረራ ምልክት ተደርጎበታል። ተሕዋስ ካለና ምግቡን ከበላ፣ የሚያስወጣው ጋዝ ጨረራውን ይዞ ይወጣና ይለካል። ጋዙ ወጣ! አፈሩ በቅድሚያ እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ ደግሞ አልወጣም፤ ሕያው ነገር በሙቀት ቢሞት የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ነገር ግን ሁለተኛ የምግብ ጠብታ ሲጨመር እየተባዛ ያለ ተሕዋስ ቢሆን ኖሮ የሚጠበቀው አዲስ ጭማሪ አልመጣም። አፈሩን እስከ 500 ዲግሪ አሙቆ ካርቦን አዘል ውህድ የሚፈልገው ሌላው መሣሪያም የማርስ ነው ብሎ የሚያምነው ነገር ሳያገኝ ቀረ። አካል የሚሠራበት ቁስ ከሌለ በላተኛው ከየት ይመጣል ተባለና አብዛኛው ተመራማሪ ውጤቱን የአፈር ኬሚስትሪ ነው ብሎ ደመደመ።

ከ32 ዓመት በኋላ ፊኒክስ የተባለች መንኮራኩር የማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘች። ፐርክሎሬት ሲሞቅ ኦክስጅን እየለቀቀ በዙሪያው ያለውን ካርቦን አዘል ውህድ ያቃጥላል። ማለትም የቫይኪንግ መሣሪያ የሚፈልገውን ነገር ራሱ እያሞቀ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። በኋላም ኪዩሪዮሲቲ የተባለው ሮቦት ካርቦን አዘል ውህዶች ማርስ ላይ መኖራቸውን አረጋገጠ። ይህ ቫይኪንግ ሕይወት አግኝቶ ነበር አያሰኝም፤ የአፈሩን ጠባይ ሳያውቁ የተነደፈ ሙከራ «አዎ»ም ቢል «የለም»ም ቢል ለመተርጎም እንደሚያስቸግር ግን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ናሳ ወደ ማርስ የላከው ሮቦት በመጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ኬሚስትሪውን እያጠና የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳሎል እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ሳይንቲስቶች ሌላ ዓለም ላይ ምን እንደሚፈልጉ ለመወሰን ምድር ላይ ሕይወት የሚያበቃበትን መስመር ማወቅ አለባቸው። ለዚህ በዓለም ላይ ካሉ ምርጥ ቦታዎች አንዱ በአፋር ክልል፣ በደናክል ረባዳ ምድር የሚገኘው ዳሎል ነው። ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ጨው ሊሟሟ የሚችለውን ያህል ተሟሙቶበታል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች በአንዳንዶቹ ኩሬዎች ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ሙቀትን ብቻ፣ ጨውን ብቻ ወይም አሲድን ብቻ የሚችሉ ተሕዋስያን ይታወቃሉ። ሦስቱ ባንድ ላይ ሲመጡስ?

በ2019 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የሚጋጩ መልሶች ወጡ። ግንቦት ላይ በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜስ የሚመራ ቡድን፣ ከዳሎል ከወሰደው ናሙና ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘሁ ሲል አሳተመ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ፑሪፊካሲዮን ሎፔስ-ጋርሲያ ያሉበት፣ ፈረንሳይ ውስጥ የሚሠራ ቡድን፣ ከበርካታ ጉዞዎች በሰበሰባቸው ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ በዳሎል አሲዳማ ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር ነገር የለም አለ።

የሁለተኛው ቡድን አሠራር በዝርዝር መታየት ያለበት ነው፤ የማርስ ናሙና ነገ ቢመጣ የሚከተለው መንገድ ከዚህ ብዙም አይለይም። መጀመሪያ ከናሙናዎቹ ዲኤንኤ ፈለጉ። በአሲዳማዎቹ ኩሬዎች ጥቂት ዲኤንኤ ታየ። ሆኖም ምንም ናሙና ያልተጨመረበትን ባዶ ቱቦ በተመሳሳይ ሂደት አሳልፈው ሲያወዳድሩ፣ ያ ዲኤንኤ ከቤተ ሙከራ ዕቃዎችና ከሰው አካል የሚመጣው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ዳሎል በጎብኚ የሚረገጥ ቦታ ስለሆነ የሰው ባክቴሪያ መገኘቱ አይገርምም። ቀጥሎ ተሕዋስያኑን ለማራባት ሞከሩ፤ ከእነዚያ ኩሬዎች ምንም አልበቀለም። በመጨረሻ ናሙናውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። ሕዋስ የሚመስሉ ድቡልቡል ነገሮች ነበሩ። ምንነታቸው በኬሚካል ሲመረመር ግን ብዙዎቹ ሲሊካና ሌሎች ማዕድናት ሆነው ተገኙ። ቅርጻቸው ሕዋስ፣ ውስጣቸው ድንጋይ ነው።

እዚያው አካባቢ፣ አሲዱ በሌለበት የጨው ሜዳና የጨው ውሃ ውስጥ፣ አርኬያ የሚባሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን በብዛትና በብዙ ዓይነት ተገኝተዋል። ስለዚህ የመፈለጊያው ዘዴ ይሠራል፤ ሕይወት ባለበት ያገኛል፣ በሌለበት ያጣል። ጥናቱ ሕይወትን የሚያስቆሙ ሁለት ድንበሮችንም አስቀምጧል። አንደኛው የማግኒዚየምና የካልሲየም ጨው የበዛበት ውሃ ነው፤ ጨዉ ውሃውን ይዞ ለሕዋሱ ስለማይለቅለት፣ የሕዋሱንም ሞለኪውሎች ስለሚያፈራርስ ውሃ እያለ ሕይወት ይደርቃል። ሁለተኛው ኃይለኛ አሲድና እስከ አፉ የሞላ ጨው ሲገናኙ ነው።

ከሁለቱ ጥናቶች ሚዛን የሚደፋው፣ በናሙና ብዛትም በማነጻጸሪያም የጠነከረው ሁለተኛው ነው። ለጠፈር ፍለጋም የሚጠቅመው የእሱ «የለም» ነው። ፈሳሽ ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ የሚለውን ግምት አፍርሷል፤ ድቡልቡል ቅርጽ አይቶ ሕዋስ ነው ማለት እንደማይቻልም በተግባር አሳይቷል። ከማርስ የመጣ ኤኤልኤች 84001 የተባለ ድንጋይ ውስጥ በ1996 ቅሪተ ተሕዋስ የሚመስል ቅርጽ ታይቶ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ መግለጫ ሰጥተውበት ነበር፤ በኋላ እነዚያ ምልክቶች አንድ በአንድ ያለ ሕይወት ሊፈጠሩ እንደሚችሉ ታየ።

124 የብርሃን ዓመት የራቀን ፕላኔት እንዴት ይመረምሩታል?

ፕላኔቱን አያዩትም፤ የኮከቡን ብርሃን ነው የሚያዩት። ኬ2-18ቢ በየ33 ቀኑ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ከብርሃኑ 0.3 በመቶ ያህሉን ይጋርዳል። በዚያች ሰዓት ጥቂት ብርሃን በፕላኔቱ አየር ውስጥ አልፎ ይመጣል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን የብርሃን ዓይነት ስለሚውጥ፣ የጎደለውን በማየት አየሩ ውስጥ ምን እንዳለ ይገመታል። ልኬቱ እጅግ ስስ ነው፤ ጋዞቹ የሚያመጡት ልዩነት ከአንድ ሚሊዮን እጅ በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው።

በ2023 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እዚያ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየ፤ ይህ ብዙም አላከራከረም። ሚያዝያ 2025 ኒኩ ማዱሱዳን የሚመሩት የካምብሪጅ ቡድን ዲሜቲል ሰልፋይድ ወይም የቅርብ ዘመዱ አለ የሚል ጥናት አወጣ። ይህ ጋዝ ምድር ላይ በዋናነት የሚመነጨው ከባሕር ረቂቅ ዕፅዋት ነው። ቡድኑ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉን 0.3 በመቶ አድርጎ አስቀመጠ።

ብዙ ሰው ይህን «ሕይወት የመኖሩ ዕድል 99.7 በመቶ ነው» ብሎ ተረዳው። ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የጭስና የጉሙን ጉዳይ ብቻ ነው። በዚያም ላይ ግኝት ለመባል የሚጠበቀው የአጋጣሚ ዕድል ከ0.0001 በመቶ በታች ሲሆን ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ በራሳቸው መንገድ ሲያሰሉት ምልክቱ ደከመ። አንዳንዶቹ መረጃው ከጠፍጣፋ መስመር፣ ማለትም ምንም ጋዝ ካልታየበት ልኬት፣ የሚለይ ነገር አላሳየም አሉ። የሚፈተሹትን ጋዞች ዝርዝር ያሰፉት ደግሞ ሌሎች ብዙ ጋዞችም እኩል እንደሚስማሙ አገኙ። ጥቂት ተጠርጣሪ ብቻ አሰልፎ ከመካከላቸው የተሻለውን መምረጥ በዚህ ሥራ የተለመደ ወጥመድ ነው።

ጋዙ እውነት ቢኖርስ? ዲሜቲል ሰልፋይድ ሕይወት በሌለበት ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ላይም ተገኝቷል፤ በቤተ ሙከራም በብርሃንና በጋዝ ብቻ ተሠርቷል። ፕላኔቱ ራሱ የምድርን ከስምንት እጥፍ በላይ የሚከብድ ሲሆን ውቅያኖስ ይኑረው ወይም እንደ ኔፕቱን በወፍራም ጋዝ የተሸፈነ ይሁን ገና ስምምነት የለም።

በዚህ ዘዴ የሚያሳምነው ምን ቢታይ ነው? አንድ ጋዝ ብቻውን አይበቃም። ኦክስጅን እንኳ ውሃ በጨረር ተሰንጥቆ ሃይድሮጅኑ ወደ ጠፈር ሲያመልጥ ሊከማች ይችላል። ይበልጥ የሚታመነው አብረው ሊቆዩ የማይገባቸው ጋዞች አብረው ሲገኙ ነው። ሚቴን በእኛ አየር ውስጥ ኦክስጅን ስላለ ከ10 ዓመት ብዙም አይዘልቅም፤ ዛሬም ካለ አንድ ነገር ያለማቋረጥ እያመረተው ነው። ጋሊሊዮ መንኮራኩር በታኅሣሥ 1990 ወደ ጁፒተር ስትሄድ በምድር አጠገብ አልፋ ነበር፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርል ሴገንና ባልደረቦቹ መሣሪያዎቿን ወደ እኛ አዙረው ሕይወት መኖሩን ከላይ ሆኖ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ሲፈትሹ ያገኙት ይህንኑ የጋዝ ጥምረትና ሰው ሠራሽ የሬዲዮ ምልክት ነው።

የሬዲዮ ፍለጋውስ?

እሱ ረቂቅ ተሕዋስን ሳይሆን ማሽን የሠራን አእምሮ የሚፈልግ ነው። በ1960 አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍራንክ ድሬክ ዌስት ቨርጂኒያ ካለ ባለ 26 ሜትር ቴሌስኮፕ ሁለት ኮከቦችን በማዳመጥ ጀመረው። ዋናው ጠላት የራሳችን ጩኸት ነው፦ ሳተላይት፣ ስልክ፣ ራዳር። ስለዚህ ቴሌስኮፑ ወደ ኮከቡ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ኮከቡ ይዞራል። ቴሌስኮፑ ወደ ጎን ሲዞርም ምልክቱ ካልጠፋ ከምድር ነው። በ2019 ለፀሐይ እጅግ ቅርብ ከሆነችው ኮከብ ከፕሮክሲማ ሴንታውሪ አቅጣጫ የተሰማ አንድ ምልክት ይህን ፈተና አልፎ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በኋላ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው ምልክቶች በሌሎች ሞገዶች ላይ ተገኙና የምድር መሣሪያ ጣልቃ ገብነት መሆኑ ተረጋገጠ።

ቀጥሎ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

በረዶ የለበሱ ጨረቃዎች። ኢንሰላደስ የተባለችው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት የሳተርን ጨረቃ ከበረዶዋ ሥር ካለው ውቅያኖስ ውሃ ወደ ጠፈር ትተፋለች። ካሲኒ መንኮራኩር በ2017 ተልዕኮዋን እስክትፈጽም በዚያ ፍንጥቅጣቂ ውስጥ አልፋ ጨው፣ ካርቦን አዘል ውህድና ሃይድሮጅን ለክታለች፤ በ2023 ደግሞ ከድሮ መረጃዋ ፎስፈረስ ያለበት ፎስፌት ተገኘ። ቆፍሮ መግባት ሳያስፈልግ ውቅያኖሱን መቅመስ የሚቻልበት ቦታ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ ተስፋ የሚጣልበት ይህ ነው።

ኢሮፓ የተባለችውን የጁፒተር ጨረቃ የምታጠናው ኢሮፓ ክሊፐር መንኮራኩር ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2024 ተነሥታ በ2030 ጁፒተር ትደርሳለች። በኢሮፓ ዙሪያ አትዞርም፤ የጁፒተር ጨረራ መሣሪያዎቿን ስለሚያቃጥል ረጅም ምህዋር ይዛ 49 ጊዜ በአጠገቧ እያለፈች ትወጣለች። የምትለካው የበረዶውን ውፍረት፣ ገጹ ላይ ያለውን ጨውና ካርቦን አዘል ውህድ፣ የውቅያኖሱንም ጥልቀትና ጨዋማነት ነው። ሕይወትን የሚለይ መሣሪያ አልያዘችም። ስለዚህ ከእሷ የሚመጣው መልስ ኢሮፓ ምቹ ናት ወይም አይደለችም የሚል ይሆናል፤ ምቹ ከሆነች ገጹ ላይ አርፎ ናሙና የሚወስድ ሌላ መንኮራኩር ሊከተላት ይችላል።